የሰው ቁልፍ፣ የራስ ቤት

በ2015 ዓ.ም. የካቲት መጀመሪያ፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ውጥረቱ በበረታበት ሰሞን፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገር ውስጥ ተዘጉ። እስከ ሐምሌ፣ ማለትም አምስት ወር ያህል፣ ቪፒኤን የሌለው ሰው አልገባባቸውም። ስለ መናገር ነፃነት ብዙ ተባለ፤ መባልም ነበረበት። በፌስቡክና በቴሌግራም ዕቃ የሚሸጠው ነጋዴ ገበያ መቀዝቀዙም ተነሣ። አንድ ጉዳይ ግን እምብዛም አልተነሣም፦ በፌስቡክ አካውንት የሚገባባቸው የሌሎች አገልግሎቶች በር አብሮ መዘጋቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው የሥራ ማስታወቂያ የሚያይበት፣ ትምህርት የሚከታተልበት ወይም ዕቃ የሚሸጥበት አፕ ላይ የተመዘገበው «በፌስቡክ ይግቡ» የሚለውን ሰማያዊ ቁልፍ ተጭኖ ከሆነ፣ አፑ ማንነቱን የሚያረጋግጠው ወደ ፌስቡክ ልኮ ነው። ፌስቡክ ሲዘጋ የመላኪያው መንገድም ተዘጋ። ቀድሞ የገባ ሰው አፑ እስኪያስወጣው ድረስ ይቆይ ይሆናል። ስልክ የቀየረ፣ አፑን አጥፍቶ መልሶ የጫነ ወይም የመግቢያ ጊዜው ያለፈበት ሰው ግን ደጅ ይቀራል። አፑ እንዲዘጋ ማንም አላዘዘም። ባለቤቱ ግን የበሩን ቁልፍ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ አስቀምጦ ነበር።

አማርኛ በስክሪን ላይ የሚጫኑትንም፣ በር የሚከፍቱበትንም «ቁልፍ» ይላል። ብዙ አፕ ሠሪዎች የመጀመሪያውን ሲያስቀምጡ ሁለተኛውን ለማን እንዳስረከቡ አላሰቡበትም።

ክርክሩ አጭር ነው። ተጠቃሚን በጉግል፣ በፌስቡክ፣ በአፕል ወይም በቴሌግራም አካውንት ማስገባት ጥፋት አይደለም። ይህንኑ ብቸኛ መግቢያ ማድረግ፣ በዚያው አጋጣሚ የማያስፈልግ መረጃ መሰብሰብና ሥራውን በጥድፊያ መገጣጠም ግን ጥፋት ነው። ጥፋቱም የጉግል ወይም የፌስቡክ ሳይሆን አፑን የሠራው፣ ያሠራውና ያጸደቀው ሰው ነው።

ከቀበሌ የመጣ ደብዳቤ

ቴክኒኩን ለማያውቅ ሰው የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ጥሩ ምሳሌ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ባለጉዳዩን አያውቀውም፤ ቀበሌው ያውቀዋል። ስለዚህ «ከቀበሌህ አጽፈህ ና» ይለዋል። ቀበሌው መዝገብ አይቶ፣ ማንነቱን አረጋግጦ፣ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ይሰጠዋል። መሥሪያ ቤቱ የሚያየው ወረቀቱን እንጂ ቀበሌ ያለውን ሙሉ ፋይል አይደለም።

«በጉግል ይግቡ» የሚለው ቁልፍም ይህንኑ ያደርጋል። አፑ ተጠቃሚውን ወደ ጉግል ይልከዋል። ጉግል የይለፍ ቃሉን ራሱ ይጠይቃል፤ ከዚያ ዲጂታል ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ አስይዞ ይመልሰዋል። አፑ የይለፍ ቃሉን አያየውም። ፌስቡክ መግቢያውን ለሌሎች ድረ ገጾች የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ዛሬ አብዛኛው ዓለም የሚሠራበት ኦአውዝ 2.0 የተባለው ደንብ በ2012፣ በእሱ ላይ የማንነት ማረጋገጫ የጨመረው ኦፕን አይዲ ኮኔክት ደግሞ በ2014 ወጡ።

ምሳሌው ጉዳቱንም ያሳያል። ደብዳቤ ጻፊው ቀበሌ ባለጉዳዩ የት የት እንደሄደ ያውቃል። ቀበሌው ሲዘጋ የሌላው መሥሪያ ቤት ጉዳይ ይቆማል። ቀበሌው ስሙን ከመዝገብ የፋቀ ዕለት ሰውየው በየሄደበት የማይታወቅ ሰው ይሆናል። አንድ ልዩነት ብቻ አለ። ቀበሌ ሲበድል ክፍለ ከተማ ይኬዳል፤ እዚያ ካልሆነ ከተማ አስተዳደር፣ እዚያም ካልሆነ እንባ ጠባቂ አለ። ጉግል ወይም ፌስቡክ አካውንት ሲዘጋ አቤት የሚባለው በድረ ገጽ ቅጽ ነው፤ ቅጹን ማን እንዳነበበው፣ ጨርሶ ሰው አንብቦት እንደሆነም አይታወቅም።

አፕ ሠሪዎቹ የሚሉት

የአፕ ሠሪዎቹ መከራከሪያ ተራ ሰበብ ስላልሆነ በቅንነት መታየት አለበት። «ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን 123456 ይላል» ይላሉ። «አንዱን ቃል አሥር ቦታ ይጠቀምበታል። ሲረሳው አፑን ጥሎ ይሄዳል። ድርጅቱ ሦስት ሠራተኛ ነው ያለው፤ የይለፍ ቃል የሚጠብቅ ባለሙያ ከየት ይመጣል? ጉግል ግን አለው።»

ልክ ናቸው። የይለፍ ቃልን በአግባቡ ሳይመሰጥር ያከማቸ ትንሽ ድርጅት የተዘረፈ ዕለት የሚጋለጠው የእሱ አፕ ብቻ አይደለም። ያንኑ ቃል በኢሜይሉና በሌላ አካውንቱ ላይ የተጠቀመ ሰው ሁሉ ይጋለጣል። ጥንቃቄውን ለማይችል ድርጅት የሰው ቃል አለመያዝ የተሻለ ነው።

በስልክ ቁጥር ብቻ ማስገባትም የራሱ ሰለባ አለው። ቤይሩት ወይም ሪያድ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር እህት አገር ቤት ሳለች የያዘችው ሲም ካርድ ካርድ ሳይሞላበት ቆይቶ ከአገልግሎት ይወጣል። አፑ የማረጋገጫ ኮድ የሚልከው በ09 ወይም በ07 ለሚጀምር ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ ለእናቷ መድኃኒት ልታዝዝበት ወይም ትምህርት ልትከታተልበት የፈለገችው አገልግሎት አይከፈትላትም። ለእሷ የጂሜይል አካውንቷ ከስልክ ቁጥሯ ይልቅ የሚቆይ መታወቂያ ነው። «በጉግል ይግቡ» የሚለው ቁልፍ ይነሣ የሚል ሰው እሷን ደጅ ያስቀራል።

ስለዚህ ጠቡ ከቁልፉ ጋር ሳይሆን «ብቻ» ከሚለው ቃል ጋር ነው።

አንድ በር ብቻ ያለው ቤት

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ በራሱ የኔትወርክ ስሕተት ለስድስት ሰዓት ያህል ከኢንተርኔት ጠፋ። ዋትስአፕና ኢንስታግራም አብረውት ወደቁ። በፌስቡክ አካውንት የሚገባባቸው የሌሎች ኩባንያዎች አገልግሎቶችም ተጠቃሚዎቻቸውን ማስገባት አቃታቸው። መንግሥት የዘጋው ነገር አልነበረም፤ ደብዳቤ ጻፊው ቢሮ ተዘግቶ ዋለ፣ ያ ብቻ ነው።

ከአንድ ዓመት በፊት ደግሞ፣ በ2020፣ አፕልና ኤፒክ ጌምስ በክፍያ ጉዳይ ሲካሰሱ፣ ኤፒክ «በአፕል ይግቡ» የሚለው መግቢያ በቀናት ውስጥ ሊቋረጥ መሆኑን ነግሮ ተጠቃሚዎቹ ኢሜይላቸውን እንዲያስተካክሉ አሳሰበ። አፕል ወዲያው ጊዜውን ስላራዘመ አደጋው አለፈ። ትምህርቱ ግን ቀረ። ሁለት ኩባንያዎች ሲጣሉ ከጠቡ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ተጠቃሚ ከገዛው ጨዋታ ውጭ ሊቀር ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ኤፒክን የሚያህል ኩባንያ እንዲህ ከተንቀጠቀጠ፣ ቦሌ ላይ ሁለት ክፍል ቢሮ የተከራየ ጀማሪ ድርጅት ምን ይዞ ይከራከራል?

ከሁሉ የሚከብደው የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ኒውዮርክ ታይምስ በ2022 እንደዘገበው፣ ሳን ፍራንሲስኮ የሚኖር አንድ አባት የታመመ ሕፃን ልጁን ፎቶ ለሐኪም እንዲታይለት አነሣ። የጉግል አውቶማቲክ መቆጣጠሪያ ፎቶውን በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወንጀል አድርጎ ቆጠረው። ፖሊስ መርምሮ ወንጀል እንዳልተፈጸመ አረጋገጠ። ጉግል ግን አካውንቱን አልመለሰም። ሰውየው ያጣው ኢሜይሉን ብቻ አልነበረም። የስልክ ቁጥሩም የጉግል አገልግሎት ስለነበር አብሮ ሄደ፤ ወደ ሌሎች አካውንቶቹ የሚያስገባው ኮድ የሚመጣውም በእነዚሁ ነበርና እነዚያም በሮች ተቆለፉበት። ይህ የሆነው በጉግል አገር፣ ፖሊስ ነፃ ባለው፣ ትልቅ ጋዜጣ ጉዳዩን ባነሣለት ሰው ላይ ነው። ደሴ ወይም ጅማ ያለ ተጠቃሚ አካውንቱ በስሕተት ቢዘጋበት ማን ይጮህለታል?

አፑን የሠራው ድርጅት «ይህ የጉግል ጉዳይ ነው» ብሎ እጁን ሊታጠብ አይችልም። ተጠቃሚው ገንዘቡን የከፈለው፣ የሥራ ታሪኩን የጫነው፣ ትምህርቱን የጀመረው በእሱ አፕ ውስጥ ነው። ያን ሀብት በሌላ ሰው ቁልፍ ብቻ እንዲከፈት ያደረገው እሱ ነው።

ደብዳቤው ላይ ምን ይጻፍ?

ሁለተኛው ጥፋት ስግብግብነት ነው። አንድ አፕ በማኅበራዊ አካውንት ሲያስገባ ምን ምን መረጃ እንዲሰጠው እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይዘረዝራል። ለመግባት የሚያስፈልገው መለያ ቁጥር ነው፤ ግፋ ቢል ስምና ኢሜይል። ቢሆንም የልደት ቀን፣ የጓደኞች ዝርዝር፣ የስልክ አድራሻ ደብተር፣ አልፎም የጉግል ድራይቭ ፋይሎች የሚጠይቅ አይታጣም። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ለወደፊቱ ሊያስፈልግ ይችላል» ነው።

«ለወደፊቱ» የሚለው ቃል የት እንደሚያደርስ ዓለም አይቶታል። በፌስቡክ አካውንት የሚገባበት አንድ የስብዕና መጠይቅ አፕ ነበር። የጫኑት ሰዎች 270,000 ያህል ነበሩ። ፌስቡክ በዚያን ጊዜ አፖች የተጠቃሚውን ጓደኞች መረጃ ጭምር እንዲወስዱ ይፈቅድ ስለነበር፣ መረጃቸው ሳይሄድ እንዳልቀረ ኩባንያው ራሱ ያመነው እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎችን ነው። መረጃው ለፖለቲካ ቅስቀሳ በሚሠራው ካምብሪጅ አናሊቲካ እጅ ገባ። ጉዳዩ በ2018 ሲፈነዳ ፌስቡክን ለአሜሪካ ምክር ቤት ጥያቄ፣ በዓመቱ ደግሞ ለ5 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ዳረገው። ከ87 ሚሊዮኑ አብዛኞቹ አፑን አይተውት አያውቁም። የጓደኛቸው አንድ ጠቅታ በቃቸው።

ኢትዮጵያ ዛሬ ሕግ የላትም ማለት አይቻልም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃ ለተወሰነ ዓላማ፣ ለዓላማው በሚያስፈልገው ልክ ብቻ ይሰብሰብ የሚለው መርሕ በአዋጁ ውስጥ አለ። ታዲያ አንድ አስገራሚ ነገር ይታያል። አፕል በ2022 አካውንት የሚያስከፍት አፕ ሁሉ እዚያው ማጥፊያ ይኑረው ሲል፣ የአገር ውስጥ ሠሪው አፑ ከገበያ እንዳይወርድበት በሳምንት ውስጥ ያሟላል። የአገሩን አዋጅ ግን ከፍቶ ያላነበበው ብዙ ነው። ካሊፎርኒያ ያለ ኩባንያ ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የበለጠ ሲፈራ፣ ለኢትዮጵያዊ ተጠቃሚ መብት የሚያወጣለት ኩባንያው ይሆናል ማለት ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት

ሦስተኛው ጥፋት የጥድፊያ ሥራ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መግቢያው በአንድ ከሰዓት በኋላ ከዩቲዩብ ቪዲዮ ተገልብጦ ይገጠማል፤ ከሠራ ሠራ ይባላል፤ ማንም ተመልሶ አያየውም።

በጣም የተለመደው ስሕተት ሰውን በኢሜይሉ መለየት ነው። ጉግል ከሚልከው ማስረጃ ውስጥ ለእያንዳንዱ አካውንት የተሰጠ የማይለወጥ መለያ ቁጥር አለ። አፕ ሠሪዎች ተጠቃሚውን በዚያ ቁጥር እንጂ በኢሜይል እንዳይለዩ የጉግል መመሪያ በግልጽ ያሳስባል። ኢሜይል እንደ ስም ነው፤ ባለቤቱ ሊቀየር ይችላል። የደኅንነት ተመራማሪዎች በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ይህን በተግባር አሳይተዋል። የከሰረ ድርጅት የኢንተርኔት ስም ለሽያጭ ሲቀርብ ገዙት፤ የቀድሞ ሠራተኞችን የኢሜይል አድራሻ እንደገና ፈጠሩ፤ ከዚያ «በጉግል ይግቡ» ብለው ሠራተኞቹ ይጠቀሙባቸው ወደነበሩ አገልግሎቶች፣ የሰው ኃይል ፋይል ወዳለበት ጭምር፣ ገቡ። በቀበሌ ቋንቋ፣ መሥሪያ ቤቱ የፋይል ቁጥር ሳያይ ስም ብቻ አይቶ የሌላውን ጉዳይ ለሞክሼው አስረከበ።

በሞባይል ላይ ደግሞ ሌላ አለ። ትክክለኛው አሠራር አፑ ተጠቃሚውን ወደ ስልኩ ብሮውዘር አውጥቶ ጉግል ዘንድ እንዲገባ ማድረግ ነው። ሰነፉ አሠራር የጉግልን ገጽ በራሱ በአፑ ሆድ ውስጥ መክፈት ነው። እንዲህ ሲሆን የሚተየበውን የይለፍ ቃል አፑ ሊያየው ይችላል፤ የአሠራሩ ዋና ጥቅም እዚያው ላይ አበቃ። ጉግል በዚሁ ምክንያት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያለውን መግቢያ ይከለክላል። ክልከላው ሲገጥማቸው ስሕተቱን ከማረም ይልቅ አፑ ብሮውዘር ነኝ ብሎ እንዲዋሽ የሚያደርጉ ሠሪዎች አሉ። ለደንበኛ ጥበቃ የተሠራን አጥር ዘልሎ ደንበኛን ማስገባት ምን ዓይነት ሙያ ነው?

ድርጅቱ ብቻ ሊያውቀው የሚገባውን ምስጢራዊ ኮድ ሰው ሁሉ በሚያወርደው አፕ ውስጥ ማስቀመጥም የዚሁ ዘር ነው። አፕ ተፈትቶ ይነበባል። ምስጢር የሚቀመጠው ሰርቨር ላይ ነው።

ፋይዳስ?

«እንግዲያው ሁሉም በፋይዳ ይግባ» የሚል ድምፅ አለ። ለባንክ፣ ለግብር፣ ለመሬት ይዞታ ጉዳይ ተገቢ ነው፤ እነዚህ ሕጋዊ ማንነት ይፈልጋሉ፤ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የወጣውም ለዚህ ነው። ደብዳቤ ጻፊው የአገር ውስጥ ተቋም መሆኑ፣ አቤት የሚባልበት ደጅ መኖሩም ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን የእግር ኳስ ውጤት ለማየት፣ ልብ ወለድ ለማዳመጥ ወይም ስለ ጤና ምክር ለመጠየቅ የጣት አሻራና የዓይን ብሌን የተያዘበትን መታወቂያ ማሳየት አያስፈልግም። ማን የት እንደገባ የማየት ዕድል በአንድ እጅ መከማቸቱ ያው ነው፤ የእጁ ባለቤት ብቻ ተቀየረ። የ2015ቱን መዘጋት የሚያስታውስ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ከአንድ ቁልፍ ያዥ ወደ ሌላ ቁልፍ ያዥ መዛወር ነፃነት አይባልም።

ምን ይደረግ?

የሚጠየቀው ውድ ነገር አይደለም።

1. ሁለተኛ በር። በጉግል ወይም በፌስቡክ የተመዘገበ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ሌላ መግቢያ እንዲጨምር ይጠየቅ፦ ኢሜይል፣ የአገር ውስጥም የውጭም ስልክ ቁጥር፣ ወይም በጣት አሻራ የሚከፈት ፓስኪ። ሁለቱ ከአንድ አካውንት ጋር ሲያያዙም ኢሜይሉ ስለተመሳሰለ ብቻ ሳይሆን ባለቤትነቱ ተረጋግጦ ይሁን።

2. አጭር ዝርዝር። ለመግባት ከመለያ ቁጥር፣ ከስምና ከኢሜይል በላይ አይጠየቅ። ሌላ ሲያስፈልግ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ምክንያቱ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ተጽፎ ይጠየቅ።

3. መውጫ። ተጠቃሚው ማኅበራዊ አካውንቱን የሚነጥልበት፣ መረጃውን የሚያወጣበትና የሚያጠፋበት ቦታ ለመግቢያው ቁልፍ ያህል በግልጽ ይታይ።

4. ውል። አፕ የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች በጨረታ ሰነዳቸው ላይ «ከአንድ በላይ መግቢያ» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። ስለ ቀለሙና ስለ ሎጎው ሦስት ገጽ ጽፈው ስለ በሩ አንድ መስመር አለመጻፍ ያሳፍራል።

5. ቁጥጥር። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አዋጁን ለአፕ ሠሪ በሚገባ ቋንቋ በሁለት ገጽ መመሪያ ይተርጉመው። የፈቃድ ዝርዝራቸው የተንዛዛ አፖችን ሲያገኝም ይጥራቸው።

ተጠቃሚውም ተመልካች ብቻ አይደለም። ማንም ሰው የጉግል ወይም የፌስቡክ አካውንቱን ቅንብር ከፍቶ ከአካውንቱ ጋር የተያያዙ አፖችን ዝርዝር ማየት ይችላል። ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ገብቶ የረሳቸውን ሲያገኝ ይደነግጣል፤ እዚያው ማቋረጥ ይችላል። ከማቋረጡ በፊት ግን በሚፈልጋቸው ላይ ሌላ መግቢያ መኖሩን ይመልከት፤ አለዚያ ራሱን ደጅ ያስቀራል።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። የሰው ቁልፍም ቤት አያስተማምንም። ባለቤቱ ሲቆጣ፣ ሲሳሳት፣ ወይም የአገሩ መንግሥት መንገዱን ሲዘጋ ቤቱ ውስጥ ያለው ንብረት ሳይጠፋ ሰው ከንብረቱ ይለያል። በ2015 የደረሰው ይህ ነው። ያኔ አላወቅንም ማለት ይቻል ነበር። ዛሬም በአንድ በር ብቻ አፕ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ድርጅት፣ ቀጣዩ መዘጋት ሲመጣ «ችግሩ ከእኛ አይደለም» የሚል ማስታወቂያ ለመለጠፍ መብት የለውም። ሁለተኛውን በር መሥራት የጥቂት ቀናት ሥራ ነበር።